የተማሪዎቼ መጽሔት ማተሚያ ቤት ሲደርስ ፊደሉ ይበላሻል፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ የአይሲቲ መምህር ነኝ። የ8ኛ ክፍል ልጆች ጽሑፋቸውን በወርድ ተይበው፣ ፐብሊሸር በሚባለው የማይክሮሶፍት የገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም ላይ በሁለት አምድ አሰናድተዋል። እኛ ክፍል ሲከፈት አንደኛ ነው። ማተሚያ ቤት ግን «የሳይንስ ገጽ» የሚለው ርዕስ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይመጣል። ምክንያቱ ገብቶኛል። ግማሹ የተተየበው በድሮው የአማርኛ መተየቢያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ ነው፤ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ የሚጠቀሙበት የፊደላት ኮድ) ስላልሆነ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር አያነበውም። ኒያላ በሚባለው የዩኒኮድ ፎንት የተጻፈው ምንም አልሆነም። ፒዲኤፍ ልላክ ስል «ማረም አለብን» ብለው ድርቅ አሉ። እንደገና ሳንተይብ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ነገር የምታውቁ አላችሁ? የሰፈራችን ኔትወርክ እንደሆነ እንደ ፀባዩ ነው። ደግሞ ማይክሮሶፍት ከኦክቶበር 2026 በኋላ ለፐብሊሸር ድጋፍ ያቆማል። ለከርሞ ልጆቹን ስክራይበስ የሚባለውን ነፃ የገጽ ማሰናጃ ፕሮግራም ላስጀምራቸው ወይስ ወርድ ይበቃል?