የፂም ሳሙናዬ አረፋ ፊቴ ላይ ሳይቆይ የሚሟሽሸው ለምንድን ነው?

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። ባለፈው ክረምት በቆርቆሮ የሚሸጠውን አረፋ ትቼ በሳሙናና በብሩሽ መላጨት ጀመርኩ። ሐምሌና ነሐሴ ከጣሪያ በተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ስመታው አረፋው እንደ እርጎ ወፍሮ እስክጨርስ ድረስ ፊቴ ላይ ይቆይ ነበር። ከጥቅምት ወዲህ ግን ከግቢያችን ጉድጓድ በሚቀዳው ውሃ ያንኑ ሳሙና በዚያው ብሩሽ ስመታው መጀመሪያ ትልልቅ አረፋ ይወጣና አንዱን ጉንጬን ሳልጨርስ በሌላው ላይ ያለው ይሟሽሻል። በሳህኑ ጠርዝ ላይም ግራጫ ዝቃጭ ተጣብቆ ይቀራል። ምላጩ መንሸራተቱን ትቶ ይጎትተኛል፤ አንገቴም ሽፍታ አውጥቷል። ሳሙናው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ከፒያሳ ሌላ ብገዛም ለውጥ አላየሁም። ጥፋቱ የእጄ ነው ወይስ የውሃው? ብሩሼ ከምን ፀጉር እንደተሠራም አላውቅም፤ ይህ ለውጥ የሚያመጣ ከሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የኬሚስትሪ መምህር (ደሴ)

ወንድሜ፣ ሳሙናውና ብሩሹ ሳይለወጡ በዝናብ ውሃ ሠርተው በጉድጓድ ውሃ እምቢ ካሉ፣ የተለወጠው ውሃው ብቻ መሆኑን ራስዎ አሳይተውናል። የጉድጓድ ውሃ በአለትና በአፈር ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም እያሟሟ ይመጣል፤ የዝናብ ውሃ ግን ከእነዚህ ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ሳሙና ካልሲየም ሲያገኝ ከእሱ ጋር ይጣመርና በውሃ የማይሟሟ ነገር ይሆናል፤ በሳህኑ ጠርዝ ላይ ያዩት ግራጫ ዝቃጭ ይኸው ነው። ስለዚህ ከብሩሹ ላይ የወሰዱት ሳሙና ከፊሉ አረፋ ከመሆኑ በፊት ዝቃጭ ሆኖ ይባክናል፤ ለፊትዎ የሚተርፈው ጥቂቱ ነው።

በቃሌ ብቻ ከመቀበል ራስዎ ቢፈትሹት እመርጣለሁ። ከክረምቱ የተረፈ የዝናብ ውሃ ካለ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የጉድጓዱን ውሃ በሌላው፣ እኩል እኩል ይቅዱ። በሁለቱም ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል የሳሙና ፍርፋሪ ጨምረው 20 ጊዜ ያህል በኃይል ይነቅንቁና አስቀምጠው የአረፋውን ቁመትና የውሃውን መልክ ያስተያዩ። ለዚህ ሙከራ የልብስ ማጠቢያ ዱቄት አይጠቀሙ፤ እሱ በኬሚካላዊ ጠባዩ ሳሙና ስላልሆነ በእንዲህ ዓይነቱ ውሃም ቢሆን አረፋ ያወጣል፤ ያሳስትዎታል።

ማንቆርቆሪያዎ ውስጡ ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ደግሞ መልካም ምልክት ነው፤ ቢያንስ የካልሲየሙ አንድ ክፍል በማፍላት የሚወገድ ነው ማለት ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ በመሆኗ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ነው፤ ይህም ለዚህ ሥራ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ያህል ካፈሉት በኋላ ዝቃጩ ወርዶ ውሃው እስኪጠልል ጠብቀው ከላይ ያለውን ብቻ ቀስ ብለው ይቅዱት። በማፍላት የማይወጣ ካልሲየምም አለ፤ ለእሱ መድኃኒቱ ሳሙናውን መጨመር ነው።

ፀጉር አስተካካይ (ኮምቦልቻ)

መምህሩ የተናገሩት እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጄ፣ ጥፋቱን በሙሉ በውሃው ላይ እንዳትጥለው። በዝናብ ውሃ ጊዜ ውሃው የእጅህን ጉድለት ይሸፍንልህ ነበር። ኮምቦልቻ ውስጥ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ 26 ዓመት ሆኖኛል፤ ለሥራው አዲስ የሆነ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ሳሙናውን በጣም አሳንሶ ውሃውን በአንድ ጊዜ በማብዛት ነው።

ብሩሹን ለብ ባለ ውሃ ነክረህ ካቆየኸው በኋላ ውሃ እስከማይንጠባጠብ ድረስ አራግፈው። ከዚያ በሳሙናው ፊት ላይ ሳትጫነው ለ30 ሰከንድ ያህል አዙረው፤ ውሃህ እንደዚህ ከሆነ አንድ ደቂቃ ብታደርሰው አትጎዳም። የፀጉሩ ጫፍ ጥቅጥቅ ያለ ሊጥ የመሰለ ነገር ይዞ መምጣት አለበት፤ ቀጭን ነጭ ውሃ ከሆነ ገና አልጠገበም። ወደ ሳህኑ ከወሰድከው በኋላ ውሃውን በጣትህ ጫፍ ጠብ እያደረግህ ምታው። በመጀመሪያ ፈዛዛና የሚያጣብቅ ይሆናል፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ስትጨምርና ስትመታው መንጣትና ማብረቅረቅ ይጀምራል፤ ትልልቁ አረፋ እየደቀቀ ሄዶ በዓይን የሚለይ ፊኛ ሳይኖረው ሲቀር ደርሷል። እኔ ሁልጊዜ ጥቂቱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አሸዋለሁ፤ ጣቶቼ እንደ ቅቤ ከተንሸራተቱ ደንበኛው ፊት ላይ እቀባዋለሁ፣ ከተያዙብኝ ግን ገና ውሃ ይፈልጋል። ተመልሶ ትልልቅ አረፋ ማውጣት ከጀመረ ውሃ በዝቶበታልና ብሩሹን ወደ ሳሙናው መመለስ ነው።

ሌላው የአየሩ ነገር ነው። እኛ ዘንድ ሙቀቱ አረፋውን ፊት ላይ ቶሎ ስለሚያደርቀው ትንሽ አርጥቤ እተወዋለሁ። የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ዘመድ ቤት በማድርበት ጠዋት ግን ብርዱ ሳሙናውን ስለሚያደነድነው ሳህኑን ሙቅ ውሃ ያለበት ሌላ ሳህን ላይ አስቀምጬ ነው የምመታው። ፊትህንም አስቀድመህ በሙቅ ፎጣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ሸፍነው፤ ፂም ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል። የአንገትህ ሽፍታ እስኪለቅህ ድረስ ፂሙ በሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ ተላጭ፤ ፂማችን ጥቅልል ስለሆነ ወደ ላይ ሲላጭ ወደ ውስጥ ተመልሶ ይበቅላል።

አንባቢ (ደሴ፣ ሰኞ ገበያ)

አሰላሙ ዓለይኩም። እኔ የምመልሰው የብሩሹን ፀጉር ጉዳይ ነው፤ በእኛ አካባቢ ቀላል ነገር አይደለም። በገበያ ላይ ያሉት ብሩሾች ከአሳማ፣ ከፈረስ፣ ባጀር ከሚባለው የዱር እንስሳ ወይም ከሰው ሠራሽ ክር የሚሠሩ ናቸው። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የአሳማ ፀጉር ፊቴን እንዲነካ አልፈልግም፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቼም እንደዚሁ ናቸው። ለማወቅ ከብሩሹ ሁለት ሦስት ፀጉር በወረንጦ ነቅለህ በክብሪት ለኩሰው። የተቃጠለ ፀጉር ሸትቶ በጣትህ ስታሸው አመድ ከሆነ የእንስሳ ነው፤ ቀልጦ ጠንካራ ዶቃ ከሠራ ሰው ሠራሽ ነው። የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ግን እሳት አይነግርህም፤ ስለዚህ እኔ ሰው ሠራሹን ብቻ ነው የምገዛው። ለአረፋውም ልዩነት አለው፦ የአሳማ ፀጉር ውሃ ስለሚጠጣ በደንብ ሳይነከር ከተጀመረ ከአረፋው ላይ ውሃ ይወስዳል፤ ሰው ሠራሹ ግን መነከር አያስፈልገውም፣ ቶሎም ይደርቃል።

ጠያቂ (ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሦስት ጠርሙስ ሞከርኩት፤ የዝናቡን ውሃ ጎረቤቴ ከበርሜሏ ሰጠችኝ። በእሱ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል አረፋ ቆመ፤ የጉድጓዱ እንደ አጓት ደፍርሶ አረፋው ወዲያው ጠፋ፤ ፈልቶ የጠለለው በመካከላቸው ሆነ። ብሩሼ ቀልጦ ዶቃ ሠራ፤ በዚህም ልቤ አረፈ። ዛሬ ጠዋት በጠለለው ውሃ፣ ሳሙናውን አንድ ደቂቃ ያህል አዙሬ፣ ሳህኑን በሙቅ ውሃ ላይ አድርጌ መታሁት፤ ግራ ቀኙን ጉንጬን ጨርሼ አገጬ ላይ ስደርስ አረፋው እንደነበረ ነበር። በብሩሹ ሥር የተጋገረውን አሮጌ ዝቃጭ በምን ላስለቅቀው?

የኬሚስትሪ መምህር (ደሴ)

አንድ እጅ ኮምጣጤ በአሥር እጅ ለብ ያለ ውሃ በጥብጠው የብሩሹን ፀጉር ብቻ፣ እጀታው ሳይገባ፣ ለአምስት ደቂቃ ይንከሩት። ከዚያ ሽታው እስኪለቅ ድረስ በጠለለው ውሃ ያጥቡትና አራግፈው ፀጉሩን ወደ ታች አድርገው ይስቀሉት።