ጣሊያን ውስጥ በኪራይ መኪና ዜድቲኤል መግባት፦ ቅጣቱ ተገቢ ነው ወይስ እንግዳን ማለብ?

ትዕግሥት
ሐምሌና ነሐሴ በመጣ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይነሣል። ከአሜሪካ ወይም ከጀርመን ጣሊያን የሚሄድ ሰው መኪና ይከራያል፣ ይመልሳል፣ አገሩ ይገባል። ከወራት በኋላ መጀመሪያ ከካርዱ 40 ወይም 50 ዩሮ ይቆረጣል፤ ቆይቶ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የአደራ ደብዳቤ ይመጣል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ዜድቲኤል የሚባለው፣ ፈቃድ የሌለው መኪና የማይገባበት የመሐል ከተማ ክልል ውስጥ ገብቷል። ለክርክር የማቀርበው እንዲህ ነው፦ ሳያውቅ የገባን እንግዳ ከነዋሪው እኩል መቅጣት ተገቢ ነው? አከራዩስ በላዩ ላይ የሚወስደው ገንዘብ?

ብሩክ (ሮማ)
ተገቢ ነው። ሰሌዳው አልተደበቀም። ዙሪያው ቀይ፣ መሐሉ ነጭ የሆነ ክብ ምልክት ነው፤ በመላው አውሮፓ ተሽከርካሪ አይግባ ማለት ነው። ከሥሩ ሰዓቱ ተጽፏል። የሮማ መሐል ከተማ ከሰኞ እስከ ዓርብ በአውሮፓ ሰዓት ከ6፡30 እስከ 18፡00፣ ቅዳሜ ከ14፡00 እስከ 18፡00 ነው። ዓርብና ቅዳሜ ማታ የሌሊት ክልከላም አለ። ብዙ መግቢያዎች ላይ የመብራት ሰሌዳ ተሰቅሏል፦ «ቫርኮ አቲቮ» ካለ ካሜራው እየሠራ ነው፣ አትግባ፤ «ቫርኮ ኖን አቲቮ» ካለ እለፍ። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን «ክፍት ነው» ብሎ ይረዳና ይገባል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ነዋሪው ጭሱንና ጫጫታውን የሚሸከመው ዓመቱን ሙሉ ነው። መንዳት የፈለገ ሰው የአገሩን ሕግ አስቀድሞ ማየት አለበት።

ሰላማዊት (ሜሪላንድ)
ብሩክ፣ አንተ በየቀኑ የምታልፍበትን መንገድ ነው የምታወራው። እንግዳው ከኋላው አውቶቡስ እየገፋው፣ በማያውቀው ቋንቋ የተጻፈ የሰዓት ዝርዝር በሁለት ሰከንድ እንዲያነብ ነው የሚጠበቀው። ካነበበም በኋላ መዞሪያ የለውም። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ጊዜው ነው። ማሳወቂያው ለጣሊያን ነዋሪ በ90 ቀን ውስጥ መላክ አለበት፤ ውጭ አገር ለሚኖር ግን ሕጉ ለማዘጋጃ ቤቶቹ 360 ቀን ይሰጣቸዋል። ሰውዬው በአንድ በር ሦስት ቀን በተከታታይ ቢገባ ሦስት ቅጣት ይቆጠርበታል፣ አንዱንም ሳያውቅ። ዓመት ሊሞላው ሲል የሚደርስ ቅጣት ማንን ያርማል?

ብሩክ (ሮማ)
መፍትሔው እኮ ቀላል ነው። ሆቴልህ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ከመግባትህ በፊት ደውለህ የሰሌዳ ቁጥሩን ትሰጣቸዋለህ፤ እነሱ ለማዘጋጃ ቤት ያስመዘግቡልሃል። ካሜራው የሚሠራው ሰሌዳውን አንብቦ ከተፈቀደላቸው ዝርዝር ጋር በማመሳከር ነው፤ ዝርዝሩ ውስጥ ካለህ ቅጣት የለም። ፊሬንዜ (ፍሎረንስ) እንዲህ ነው የሚሠሩት። ነገር ግን ፈቃዱ እስከ ሆቴሉ ደርሶ ሻንጣ ለማውረድ ነው፤ በዚያ ሰበብ ከተማውን መዞር አይቻልም። አንድ ቁጥር ወይም ፊደል ተሳስቶ ከተመዘገበም እንዳልተመዘገበ ነው፤ ስለዚህ የሰሌዳውን ፎቶ ላኩላቸው፣ ተመዝግቧል የሚለውንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ጋሽ ኃይሉ (ቦሎኛ)
ልጆቼ፣ ሁለት ነገር አደባለቃችሁ። ከካርዱ የሚቆረጠው 40 ወይም 50 ዩሮ ቅጣት አይደለም። አከራዩ የናንተን ስምና አድራሻ ለፖሊስ ስላቀበለ የሚያስከፍለው የአገልግሎት ዋጋ ነው። ብዙ ሰው «ከፍያለሁ» ብሎ ደብዳቤውን ይጥለዋል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቅጣቱ ራሱ ከ83 እስከ 332 ዩሮ ነው፣ የፖስታና የማሳወቂያ ወጪ ሳይጨመር። ደብዳቤው በደረሰ በ5 ቀን ውስጥ ከተከፈለ ከ83ቱ 30 በመቶ ይቀነሳል፤ 58 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ይሆናል። እስከ 60 ቀን ሙሉው 83 ነው። 60 ቀን ካለፈ የጣሪያው ግማሽ፣ ማለትም 166 ይሆናል።

ይግባኝ ሁለት መንገድ አለው። ለፕሬፌቶ፣ ማለትም በክፍለ ሀገሩ ላለው የመንግሥት ተወካይ፣ በ60 ቀን ውስጥ፣ ያለ ክፍያ፤ ነገር ግን ውድቅ ካደረገው ከዝቅተኛው እጥፍ ያላነሰ ያስከፍላል። ወይም ትናንሽ ጉዳዮችን ለሚያየው የሰላም ዳኛ፦ ነዋሪ በ30 ቀን፣ ውጭ የሚኖር በ60 ቀን፣ 43 ዩሮ የዳኝነት ከፍሎ። ቅጣቱን የከፈለ ሰው ይግባኙ ይዘጋበታል፤ ሁለቱን ባንድ ላይ አትሞክሩ። «ምልክቱን አላየሁም» ብቻውን አያዋጣም። የሚያዋጣው ጊዜው ያለፈበት ማሳወቂያ፣ የተሳሳተ የመኪና ሰሌዳ ቁጥር፣ ወይም ሆቴሉ በሰዓቱ ያስመዘገበበት ማስረጃ ነው።

ሚኪያስ (ፍራንክፈርት)
ባንከፍልስ? አሜሪካ ያሉት ይተዉታል ሲባል እሰማለሁ።

ጋሽ ኃይሉ (ቦሎኛ)
አንተ ጀርመን ስለሆንክ አይሠራልህም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች መካከል ከ70 ዩሮ ጀምሮ ያለ የገንዘብ ቅጣት ባገርህ መንግሥት በኩል ሊፈጸምብህ ይችላል። አሜሪካ ላይ እንዲህ ያለ ስምምነት የለም። ይሁንና ማዘጋጃ ቤቶች ጉዳዩን ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ይሰጣሉ፣ ዕዳውም 5 ዓመት ይቆያል። ጣሊያን ተመላልሶ ዘመድ የሚጠይቅ ሰው በ58 ዩሮ ይህን ሁሉ ባይሸከም እመርጣለሁ።

ራሔል (ሚላኖ)
ሚላኖን ያልጠቀሳችሁት ለምንድን ነው? ሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ያሉበት የፖርታ ቬኔዝያ ላዛሬቶ ሰፈር ከኤርያ ቺ፣ ማለትም ተከፍሎ ከሚገባበት የመሐል ከተማ ክልል፣ ውጭ ነው፤ የድሮውን ቅጥር መስመር ተሻግራችሁ በኮርሶ ቬኔዝያ ወደ መሐል ስትወርዱ ግን ገባችሁ። እዚያ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከ7፡30 እስከ 19፡30 መግቢያው 7 ዩሮ ከ50 ነው፤ ቢዘገይ እስከ ማግስቱ እኩለ ሌሊት መክፈል ነው። ሌላው ወጥመድ ከሚላኖ በስተ ሰሜን ያለው ኤ36 የሚባለው የክፍያ አውራ ጎዳና ነው፦ የክፍያ ዳስ የለውም፣ ካሜራ ብቻ ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ በኢንተርኔት ካልከፈላችሁ አከራዩ በላዩ የራሱን ይጨምርበታል።

ሰላማዊት (ሜሪላንድ)
ጋሽ ኃይሉ፣ ስለ አከራዩ ክፍያ የርስዎን ፍርድ እፈልጋለሁ። ነጂው ማን እንደሆነ ለፖሊስ መናገር የባለመኪናው ግዴታ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር የ2021ዱ የትራፊክ ሕግ ማሻሻያ ደግሞ የቅጣቱን ኃላፊነት ከአከራዩ አንሥቶ በተከራዩ ላይ አድርጎታል። ታዲያ ቅጣቱ ወርዶለት አንድ ኢሜይል ስለላከ 50 ዩሮ? ለዚያውም በእያንዳንዱ ቅጣት!

ጋሽ ኃይሉ (ቦሎኛ)
በዚህስ ካንቺ ጋር ነኝ። ውል ላይ ፈርማችኋል ይላሉ፤ አዎ፣ ግን ከ50 ዩሮው ውስጥ የሥራው ዋጋ ስንት ነው? ይህን ሊያስረዱ ይገባል። ቅጣቱን ግን ለከተማው እተወዋለሁ።

ሰላማዊት (ሜሪላንድ)
እኔ አልተወውም፤ 360 ቀኑ ማጠር አለበት። አከራዩም ቁልፍ ሲያስረክብ የመኪናውን ጭረት ቆጥሮ እንደሚያስፈርም ሁሉ፣ የከተማውን የዜድቲኤል ካርታ ሰጥቶ ማስፈረም አለበት። ያን ካላደረገ ክፍያውን አይውሰድ።

ብሩክ (ሮማ)
ካርታው ይሰጥ፣ እስማማለሁ። ቅጣቱ ግን ለማንም አይቀነስ።

ጋሽ ኃይሉ (ቦሎኛ)
ለመክፈል ለወሰነ ሰው፦ ደብዳቤው ላይ ያለውን የቅጣት ቁጥርና የመኪናውን ሰሌዳ በባንክ ማስተላለፊያው የምክንያት ቦታ ላይ ጻፉ፤ ያለዚያ ገንዘቡ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የባንኩ የማስተላለፊያ ወጪ በሙሉ በላኪው ላይ እንዲሆን እዘዙ። 3 ዩሮ ተቆርጦ ጎደሎ ከደረሰ እንደ ሙሉ ክፍያ አይቆጠርም፣ ቀሪው ከጭማሪው ጋር ይጠየቃል።