መብራት ሲጠፋ የሚሠራ ፋን ለምትፈልጉ ድሬዎች

አቦ፣ ሙቀቱ ሲመጣ ጥያቄው አንድ ነው። «ቻርጅ የሚደረግ ፋን የቱ ይሻላል?» እኔ ሦስት ገዝቼ አይቻለሁ። አንደኛው ቤቴን ሊያቃጥል ነበርና ከሱ ልጀምር።

ሱቁን አልጠራም። ካርቶኑ ላይ የባትሪው አቅም 9900 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይላል፣ ዋጋው ደግሞ ከሌላው በግማሽ ያንሳል። ሦስት ሳምንት አሪፍ ሠራ። አንድ ቀን ከሰዓት ቻርጅ ላይ ሰክቼው ቡና እየጠጣን ሳለ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ሽታ መጣ። ጠጋ ስል ጀርባው አብጦ ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል። ሶኬቱን ነቅዬ፣ እጀታውን ይዤ ግቢ ሲሚንቶ ላይ አስቀመጥኩት። ጅልነት ነበር፣ እጄ ላይ ቢፈነዳስ? ብዙም ሳይቆይ ፍስስስ አለ፣ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ እሳት። ጥቁሩ ምልክት እስካሁን አልለቀቀም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ውስጡ ያለው ሊቲየም ባትሪ ነው። ፖዘቲቩንና ኔጋቲቩን የሚለያቸው ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ያረጠበው ፈሳሽ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ባትሪው ከልክ በላይ ሲሞላ፣ ሲወድቅ ወይም ሲግል ያ ፕላስቲክ ይበሳል ወይም ይቀልጣል፣ ሁለቱ ይገናኛሉ፣ ሙቀቱ ሙቀት እየወለደ ይሄዳል። ውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ መውጫ ሲያጣ ይፈነዳል። አንድ ሴል (አንዱ የባትሪ ፍሬ) 4.2 ቮልት ሲደርስ ቻርጁን የሚያቆም ትንሽ ቦርድ መኖር አለበት። የኔ ውስጥ አልነበረም።

ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥርም ውሸት ነው። በየዕቃው የምታዩት የጣት ባትሪ የሚመስል ግን ወፈር ያለ ሴል፣ 18650 የሚባለው፣ ኦሪጅናሉ እንኳ ከ3500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ብዙ አያልፍም። በአንድ ሴል 9900 የሚል ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉ። ኦሪጅናሉ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። እኔ ከሌላ ርካሽ ፋን የወጣ አንድ ሴል ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩ፣ ሰውየው ሳቀብኝ፣ 30 እንኳ አልሞላም።

አሁን ምን ልግዛ ላላችሁ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ በሊድ አሲድ ባትሪ የሚሠራውን ከባዱን ፋን እመርጣለሁ። ይከብዳል፣ ባዶውን ካስቀመጣችሁት ቶሎ ይሞታል፣ ቻርጅ ሲደረግም መስኮት መከፈት አለበት፣ ግን እንደ ሊቲየሙ በራሱ ነዶ አይነሳም። ከፋን ሌላ የምትፈልጉት ቫኪዩም (አቧራ መጥረጊያ) ከሆነ ባትሪው ቀጭ ብሎ የሚወጣውን ውሰዱ። ቻርጀሩን ግን ከሌላ ዕቃ ጋር አታቀያይሩ፣ ቀዳዳው ገጠመ ማለት ቮልቱ ገጠመ ማለት አይደለም። የፀጉር ማሽን? በገመድ የሚሠራው ይበቃል።

ድሬ ታይዋን ገበያ ምርጫው ብዙ ነው፣ ዋጋም ትከራከራላችሁ፣ ግን እዚያው አስከፍታችሁ እዩ። ከዚራ ሰፈር በኩል የገዛሁት ሁለተኛው ፋን ወደድ አለብኝ፣ ደረሰኝና የስድስት ወር ዋስትና ግን አለው።

ጥገና ላይ ሁለት ልጆች ሞክሬአለሁ። አንዱ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ሴል ከአዲስ ጋር በይዶ በአሥር ደቂቃ ሰጠኝ። ርካሽ ነው፣ ግን አሮጌና አዲስ ሲቀላቀል ደካማው ቀድሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ሁለተኛው እያንዳንዱን በቴስተር ለክቶ «ይሄ አይሆንም፣ ሁሉንም እንቀይር» አለኝ። ተናደድኩ፣ ከፈልኩ፣ አሁን ደንበኛው ነኝ።

ቻርጅ ስታደርጉ አልጋ ላይ አይሁን፣ ተኝታችሁም አይሁን። ከ45 ዲግሪ በላይ ቻርጅ ማድረግ አይመከርም፣ የኛን የቆርቆሮ ቤት በግንቦት ቀትር አስቡት፣ ባጃጅ ውስጥ ፀሐይ ላይ የተረሳውንማ ተዉት። ያበጠ ባትሪ አትውጉ፣ ቆሻሻ ውስጥም አትጣሉ። የኔዎቹ ሁለቱ በአሸዋ ተቀብረው ጣሳ ውስጥ ግቢ ናቸው። ድሬም ሆነ ሐረር የሚረከብ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ እናቴ በየቀኑ «ይሄን ቦምብ አውጣልኝ» እያለችኝ ነው።