ልጄ ጎረቤት ቤት ገብቶ ፍሪጅ ይከፍታል፣ ምን ላርግ?

የናቲ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ነው ምንኖረው፣ ጓደኛው ከኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው ከትምህርት ቤት እንደመጣ ቦርሳውን ጥሎ እዛ ነው። ትላንት ልጠራው ስወርድ በነጫማው ሶፋ ላይ ቆሟል፣ ፍሪጁን ራሱ ከፍቶ ጁስ አውጥቷል። እናትየው "ተይው ልጅ እኮ ነው" አለችኝ ግን ፊቷን አየሁት፣ ይሉኝታ ይዟት ነው። ቤት ስንገባ ጮህኩበት፣ አለቀሰና "እኛ ቤት እኮ ራሴ ነው ምከፍተው" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የሰው ቤት ሌላ እንደሆነ ማን ነገረው? እናንተ እንዴት ነው ምታስተምሩት?

የሦስት ልጆች አባት፦
እህቴ ከሄደ በኋላ መቆጣት አይሰራም፣ ሳይሄድ ነው። እኛ ቤት በጨዋታ ነው የለመዱት፣ እኔ ጎረቤት እሆናለሁ ልጄ በር ያንኳኳል፣ ሰላም ይላል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ሲጠማው "ውሃ ይስጡኝ" ይላል፣ ከዛ ተቀያይረን እሱ ባለቤት ይሆንና እኔ ፍሪጁን ስበረብርበት ራሱ ይቆጣኛል 😊 መኝታ ቤት አይገባም፣ የተጫወተበትን ሳይሰበስብ አይወጣም። ለጎረቤትሽም "ሲያጠፋ እንደልጅሽ ተቆጪልኝ" በያት። እኛ ስናድግ የሰፈር ሰው ሁሉ ይቆጣን ነበር፣ ዛሬ ሰው የሰው ልጅ መናገር ይፈራል ስለዚህ ካንቺ አፍ መስማት አለባት።

ኡሙ ሀናን፦
የምግቡን ነገር እንዳትረሱ። እኛ ሙስሊም ነን ጎረቤቶቻችን ኦርቶዶክስ፣ ልጄ ስጋ ሲቀርብላት "አመሰግናለሁ፣ ስጋ አልበላም" ብላ ሌላውን እንድትበላ ነው ያስለመድኳት፣ ፊቷን አጨማዳ "እኛ ይሄን አንበላም!" ስትል አንዴ ሰምቻት በጣም ነው ያፈርኩት፣ ሰው በገበታው ላይ እንደዛ ሲባል ያማል። የነሱ ልጅ ደሞ ረቡዕና አርብ ይጾማል፣ እኛ ጋ ሲመጣ ሽሮ አዘጋጃለሁ ወተት ፊቱ አላስቀምጥም።

ከቨርጂኒያ፦
እዚህ ደሞ ሌላ ነው። እኔ እንዳደግኩት ልጄን "ብላ ሲሉህ ጠግቤያለሁ በል" ብዬው አሜሪካኖች ቤት ሲጫወት ዋለ። እዚህ "በሞቴ" ብሎ ነገር የለም አንዴ ይጠይቁሃል፣ "ኖ" ካልክ አለቀ፣ ልጁ ሙሉ ቀን ጦሙን ውሎ ማታ መጣ፣ አንጀቴን በላኝ። አሁን ምለው ከራበህ መጀመሪያ ሲጠይቁህ እሺ በል፣ የሀበሻ ቤት ከሆነ ግን እነሱ ራሳቸው አይለቁህም።

የናቲ እናት፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ወርጄ ነገርኳት፣ ለካ የሶፋው ክፍያ ገና አላለቀም፣ ናቲ በዘለለ ቁጥር ልቧ ይቆረጥ ነበር ግን እንዳልቀየማት ፈርታ ነው ዝም ያለችኝ። ማታ በጨዋታው ተለማመድን፣ ነገ ሲወርድ ደረጃው ላይ ቆሜ አዳምጠዋለሁ።