የዓባይን ዳገት ስወጣ ብቻ የሚጠፋ ዲኤክስ፦ ፑንቲናውን በኤሌክትሮኒክ ከቀየርሁ በኋላ የመጣ ችግር

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዬ ባለ 4ኬ ሞተር፣ በካርቡራተር የሚሠራ ቶዮታ ዲኤክስ ነው። ፑንቲናው (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳት የሚያስነሣው መገናኛ) በየጊዜው እየተቃጠለ ስላስቸገረኝ ከሦስት ወር በፊት እሱንና ኮንደንሰሩን አስወጥቼ፣ ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለየካንዴላው የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አስገጠምሁ። ማግኔት ያለው ቀለበት በዘንጉ ላይ ይጠለቃል፣ ሴንሰሩ ደግሞ በፑንቲናው ቦታ ይታሰራል። የሚወጡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቀዩ ከቦቢናው (የባትሪውን ቮልቴጅ ለእሳት ከፍ ከሚያደርገው ጥቅል) ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ከኔጌቲቩ ጋር ተገናኝተዋል።

ከተማ ውስጥ እንከን አልነበረበትም። ባለፈው ሳምንት ግን ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ ጎሐ ጽዮንን አልፌ እስከ ዓባይ ድልድይ በሰላም ከወረድሁ በኋላ፣ ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ሳጋምስ ሞተሩ ሳይንተፋተፍ፣ ቁልፉን እንደ ዘጋሁበት ያህል ቀጥ አለ። ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ሳዞር ይይዝና ቁልፉን ስለቀው ወዲያው ይጠፋል። 40 ደቂቃ ያህል ቆሜ ከቀዘቀዘ በኋላ ተነሣ፤ ደጀን ሳልደርስ ግን ደገመው። አብሮኝ የነበረው ሰው ቤንዚኑ ፈልቶ ነው ብሎ በፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ቢጥልበትም ለውጥ አላመጣም፤ እዚህ ያሳየሁት መካኒክ ደግሞ መሣሪያው ተቃጥሏልና ሌላ ግዛ ይለኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ጥፋቱ የቱ ጋ እንደ ሆነ በምን ልለየው?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ቤንዚን በሙቀት ተንኖ መስመር ሲዘጋ ሞተሩ መጀመሪያ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ እንደ እርስዎ መኪና በአንድ ጊዜ ቀጥ የሚለው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሳት ሲቋረጥ ነው። ከሁሉ በላይ የሚነግረን ደግሞ «ሞተሪኖውን ሳዞር ይይዝና ቁልፉን ስለቀው ይጠፋል» ያሉት ነው።

ኮፈኑን ከፍተው ቦቢናው ጎን ላይ ነጭ፣ ሸክላ የሚመስል ሬዚስተር መኖሩን ይመልከቱ። ፑንቲና ላላቸው መኪኖች የተሠራ ብዙ ቦቢና ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ የባትሪውን ሙሉ ቮልቴጅ አያገኝም፤ ቦቢናውና ፑንቲናው እንዳይቃጠሉ ሬዚስተሩ ይቀንስለታል። ሞተሪኖው በሚዞርበት ጊዜ ብቻ፣ ባትሪው ስለሚደክም፣ ሌላ ሽቦ ሬዚስተሩን ዘሎ ሙሉውን ይሰጠዋል። የእርስዎ ቀይ ሽቦ የታሰረው ከሬዚስተሩ በኋላ ስለሆነ፣ 12 ቮልት የሚፈልገው መሣሪያ የሚደርሰው የተቀነሰው ነው። ሲቀዘቅዝ እንደ ምንም የሚበቃው ያ ቮልቴጅ፣ በበረሃው ሙቀትና በዳገቱ ጫና ሲግል አይበቃውም። ቁልፉን ወደ ሞተሪኖ ሲያዞሩት ሙሉው ይመጣለታል፣ ሲለቁት ይቀርበታል።

ስለዚህ ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን ከመሣሪያው ቀይ ሽቦ ጋር ያስነኩና ያንብቡ። ከ13.5 እስከ 14.4 ከሆነ ግምቴ ስሕተት ነው፤ 7 ወይም 8 ከሆነ ግን ቀዩን ሽቦ ብቻ ነቅለው ከሬዚስተሩ በፊት ባለው፣ ከቁልፍ በሚመጣው ጫፍ ይሰሩት። ቦቢናው እንዳለ በሬዚስተሩ በኩል ይቆይ። መሣሪያ መግዛት ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነው።

መልስ፣ ከባሕር ዳር

ከፍኖተ ሰላም የተጻፈው ትክክል ነው፤ «ቦቢናው እንዳለ በሬዚስተሩ በኩል ይቆይ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን አደራ፣ ሰው እንዳይዘልላት። እኔ በራሴ መኪና ሬዚስተሩን ጨርሼ አውጥቼ ለቦቢናውም 12 ቮልት በቀጥታ ሰጥቼው ነበር፤ ዳንግላ ሳልደርስ ቦቢናው ዘይቱን ተፋና መኪናዬ ተጎትታ ገባች። በፖዘቲቭና በኔጌቲቩ መካከል ያለው 1.5 ኦም አካባቢ ከሆነ ቦቢናው ሬዚስተር ይፈልጋል፤ 3 ኦም አካባቢ ከሆነ ያለ ሬዚስተር የሚሠራ ነው። ሲለኩ ሽቦዎቹን ይንቀሉ።

ሌላው በቀላሉ የሚታለፍ ነገር የማሳው (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰው) ሽቦ ነው። ሴንሰሩ የታሰረበት ሳህን ነዳጅ በሰጡ ቁጥር ወዲያና ወዲህ ስለሚል፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ በዘመናት ውስጥ ከልባሱ በታች ይበጠሳል፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፣ በጣትዎ ሲያጥፉት ግን ባዶ ልባስ ሆኖ ያገኙታል። ፑንቲናው ይህን ይታገሥ ነበር፣ ኤሌክትሮኒኩ አይታገሥም።

ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ተከፍቶ አይቆይ፤ መሣሪያውንም ቦቢናውንም ያቃጥላል። አሮጌውን ፑንቲናና ኮንደንሰር ግን አይጣሉ፤ መሣሪያው መንገድ ላይ ቢበላሽ መልሰው እንዲገጥሟቸው ከአንድ ካቻቢቴ ጋር በመኪናው ውስጥ ያስቀምጧቸው፤ የፑንቲናው ክፍተት 0.45 ሚሊ ሜትር ነው።

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ

ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሬዚስተሩ አለ፤ በቀዩ ሽቦ ላይ ያነበብሁት 7.4 ቮልት ነበር። ቦቢናው 1.5 ኦም ስለሆነ በሬዚስተሩ እንዲቆይ አድርጌ ቀዩን ሽቦ ብቻ ወደ ቁልፉ ጫፍ አዛወርሁት፤ አሁን 13.9 ያነብባል። የሳህኑም የማሳ ሽቦ እንዳላችሁት ከአራት ክሩ አንዱ ብቻ ቀርቶ ስላገኘሁት በአዲስ ቀየርሁት።

ትናንት ሆን ብዬ በስምንት ሰዓት፣ ፀሐዩ በጠነከረበት ጊዜ፣ ሦስት ሰው ጭኜ ከደጀን እስከ ድልድዩ ወርጄ ወዲያው ተመለስሁ። አንድ ጊዜም አልጠፋም። የቀረኝ ነገር ቢኖር ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልረግጥ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ) ትንሽ መንቀጥቀጡ ነው።

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም

መሣሪያው ሲገጠም ታይሚንጉ (እሳቱ የሚሰጥበት ቅጽበት) ታይቶ ነበርን? ማግኔቱ እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ፑንቲናው ከሚከፈትበት ጋር ልክ ስለማይገጥም፣ ከዲስትሪቢዩተሩ ጋር የተያያዘውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለውና ደፍነው በታይሚንግ መብራት እንደገና ያስተካክሉት።