ሊጡ ሲፈስ ምጣዴ በረዶ ይሆናል! የወሰን ሁኔታን በጊዜ ስለመቀየር እርዱኝ

ባለምጣዷ፦
እባካችሁ ፍጠኑልኝ፤ ሰኞ ጠዋት የመመረቂያ ሥራዬን አቀርባለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሙቀት በፓይተን ኮድ እያሰላሁ ነው። ሸክላው 20 ሚሊሜትር ውፍረትና 58 ሳንቲሜትር ስፋት አለው። ባዶውን ሲግል ሁሉም ሰላም ነው፤ ገጹ ቀስ ብሎ 200 ዲግሪ ይደርሳል። ሊጡ የሚፈስበት ሰከንድ ላይ የላይኛውን የወሰን ሁኔታ (ገጹ ከውጭ ጋር ሙቀት የሚለዋወጥበትን ደንብ) ከአየር ወደ ሊጥ እቀይራለሁ፤ የሙቀት ልውውጡ ከ20 ወደ 1000 ዋት በካሬ ሜትር በዲግሪ ይዘላል፣ የውጩ ሙቀት 25 ዲግሪ ይሆናል። የሚወጣልኝ ይኸው፦ 200፣ ከዜሮ በታች 11፣ 194፣ ከዜሮ በታች 63፣ 228... ኮዱን አራት ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ስሕተት የለበትም። ወሰኑን መሀል ላይ መቀየር አይቻልም ማለት ነው?

ሰፌድ፦
ከዜሮ በታች 63 ዲግሪ ላይ እንጀራ ስትጋግሪ የመጀመሪያዋ ሳትሆኚ አትቀሪም። መብራት መኖሩን አይተሻል?

ጋሽ ቀመር፦
ልጄ፣ ከመሠረቱ እንነሣ። የወሰን ሁኔታ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የገጹን ሙቀት ራሱን መወሰን ነው። ሁለተኛው በገጹ የሚያልፈውን ሙቀት መወሰን ነው፤ ከሸክላው ሥር ያለው የኤሌክትሪክ ሽቦ እንደዚህ ነው። ሦስተኛው ከአካባቢው ጋር የሚደረግ ልውውጥ ነው፤ አንቺ የያዝሽው ይህንን ነው። ሦስቱንም በጊዜ መቀየር ይቻላል፤ የፎሪየር የሙቀት ቀመር አይከለክልም። በእኛ ጊዜ ይህን ሁሉ በእጅ እንሠራ ነበር፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ሳይኖር። የዛሬ ተማሪ ግን መጀመሪያ ኮዱን ይጽፋል፣ ከዚያ...

ባለምጣዷ፦
ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። እርስዎ ያሉትን አውቀዋለሁ፤ የቸገረኝ ቁጥሩ ነው።

ቶሎቶሎ፦
የጊዜ እርምጃውን፣ ኮዱ በአንዴ የሚራመደውን ሰከንድ፣ አሳንሺው።

ባለምጣዷ፦
አሳንሼዋለሁ! በ2 ሰከንድ ባዶው ምጣድ እንኳ አልረጋ ብሎኝ ወደ 1 ሰከንድ አወረድኩት፣ ከዚያ ተስተካከለ። ችግሩ የእርምጃው ቢሆን ኖሮ ሲግልም ያብድ ነበር።

የድሮ መሐንዲስ፦
እኔ የማልቀበለው መነሻሽን ነው። ሊጡ ሁለት ደቂቃ ሙሉ 25 ዲግሪ ላይ ይቆማል? ምጣድ ላይ ወንዝ ነው እንዴ የምታፈሺው? ግማሽ ኪሎ ሊጥ ቢሆንና 100 ግራም ውሃ ቢተንን፣ ለማሞቂያ 120 ኪሎጁል፣ ለመትነኛ 227 ኪሎጁል ገደማ ነው፤ በድምሩ ከ350 ብዙም አይርቅም። በአንቺ ወሰን ግን ሸክላው በሁለት ደቂቃ ከ500 ኪሎጁል በላይ ያጣል። የሊጡን ሙቀት እንደ አንድ ተጨማሪ ኖድ (ሙቀቱ የሚሰላበት ነጥብ) ያዢው፤ ከ25 ይነሣ፣ መፍያው ላይ ሲደርስ ይቁም። አዲስ አበባ ከሆንሽ መፍያው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ሻይ አፍሊ፦
ስለዚህ ነው ሻዬ የማይጥመው!

ባለምጣዷ፦
ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አስገባዋለሁ። ነገር ግን ከዜሮ በታች 11ን አያብራራም። ሊጡ 25 ከሆነ ምጣዱ ከ25 በታች የሚወርድበት ምክንያት የለም።

ሰፌድ፦
አሁን ገና ደህና ነገር ተናገርሽ። ቀልዱን ላቁምና፣ ስሌቱ ኤክስፕሊሲት ነው አይደል፣ አዲሱን ሙቀት ካለፈው እርምጃ ሙቀት ብቻ የሚያወጣው? በኖዶቹ መካከል ያለው ርቀትስ ስንት ነው? ሁሉም ሰው የሚያውቅ ይመስል ሳትነግሪን ቀረሽ።

ባለምጣዷ፦
አዎ፣ ኤክስፕሊሲት። ርቀቱ 1 ሚሊሜትር። ሸክላው 0.6 ዋት በሜትር በዲግሪ ያስተላልፋል፤ የሙቀት ስርጭቱ በሰከንድ 0.37 ካሬ ሚሊሜትር ነው።

ሰፌድ፦
በይ እንግዲህ እንደ ሊጥ ቀስ ብለሽ አዙሪው። በ1 ሰከንድ እርምጃ የፎሪየር ቁጥርሽ (የሙቀት ስርጭቱ በእርምጃው ተባዝቶ ለርቀቱ ካሬ ሲካፈል) 0.37 ነው። ለውስጠኛው ኖድ ከ0.5 ማነሱ ይበቃል፤ በ2 ሰከንድ 0.74 ስለሆነ ነው ያኔ ያበደው። የገጹ ኖድ ግን ሌላ ሕግ አለው፦ የፎሪየር ቁጥር፣ አንድ ሲደመር የቢዮ ቁጥር ተባዝቶበት፣ ከ0.5 መብለጥ የለበትም። ቢዮ ማለት የሙቀት ልውውጡ በኖዶቹ ርቀት ተባዝቶ ለሸክላው 0.6 ሲካፈል ነው፤ ከአየር ጋር 0.03 ነው፤ ውጤቱ 0.38፣ ሰላም። ሊጡ ሲፈስ ቢዮ 1.67 ይሆናል፤ ውጤቱ 0.99። ወሰኑን ስትቀይሪ የሚፈቀድልሽ እርምጃም አብሮ ተቀየረ፤ አሁን ጣሪያው ግማሽ ሰከንድ ገደማ ነው። ሩብ ሰከንድ አድርጊውና እንጀራሽን ብዪ። እኔ ለሰፌድነቴ ዳርና ዳሩን ይበቃኛል።

ቶሎቶሎ፦
አሳንሺው ብዬ አልነበረም?

የድሮ መሐንዲስ፦
ምክንያቱን አልተናገርክም። ሩብ ሰከንድ ቢያልፍላትም ኢምፕሊሲት (የአዲሱን እርምጃ ሙቀቶች ሁሉ አንድ ላይ የሚፈታ) ብታደርገው ይሻላል። ክራንክና ኒኮልሰን እ.ኤ.አ. በ1947 ያወጡትን ኢምፕሊሲት ዘዴ ከመረጥሽ ግን ተጠንቀቂ፤ አይፈነዳም፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ድንገተኛ ዝላይ ሲገጥመው ለጥቂት እርምጃ ሊወዛወዝ ይችላል። ከለውጡ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት እርምጃዎች በኋልዮሽ ኦይለር፣ በሌላው ኢምፕሊሲት ዘዴ፣ ሥሪና ከዚያ ተመለሺ። እርምጃው ራሱን የሚያስተካክል ከሆነ ደግሞ ሊጡ የሚፈስበት ቅጽበት ላይ እንዲቆም አስገድጂው፤ አለበለዚያ ዘሎት ያልፋል።

የእማማ ልጅ፦
አክንባሎውን ማን ረሳው? ሲከደን እንፋሎቱ ይታፈናል፣ ሲከፈት ደግሞ ሌላ ነው። እንጀራው ወጥቶ የሚቀጥለው ሊጥ እስኪፈስ ምጣዱ ባዶውን ነው። እማማ የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ሶኬቱን ነቅላ ነው የምትጋግረው፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃታል። ያ ደግሞ ከሥር ያለው ወሰን ነው የሚቀየረው።

ጡብ ጠባሹ (ከ12 ቀን በኋላ)፦
እኔም የጡብ ምድጃ እያሰላሁ በሩ ሲከፈት እንዲሁ ያደርገኛል። ሩብ ሰከንዱ ሠራልሽ?

ሰፌድ፦
አልተመለሰችም። ወይ ተመርቃለች፣ ወይ በረዶው ይዟታል። አንተ የኖዶችህን ርቀት ንገረኝ።