ክርክር፦ የባሕር ላይ የሳልሞን በረት ይታገድ ወይስ ይታረም?

የፍሮያው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንድማችን «ኖርዌይ ክፍት የመረብ በረትን ትከልክል» ብሎ ጽፎ ነበር፤ በሁለት መልስ ተዘጋ። እንደገና ልክፈተው። እዚህ ኖርዌይ፣ ፍሮያ ደሴት ላይ፣ ስድስት ዓመት እንጀራዬን የበላሁት ከዚሁ ሥራ ነው፤ ያየሁት ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

ለማያውቅ፦ ሳልሞኑ የሚያድገው ፊዮርድ (በተራሮች መካከል የገባ ጠባብ ባሕር) ላይ በተንጠለጠለ ክብ መረብ ውስጥ ነው። ሕጉ በአንድ መረብ እስከ 200,000 ዓሣ ይፈቅዳል። ውሃው እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል፤ በሽታውም አብሮት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኖርዌይ ውስጥ ባሕር ከገባ በኋላ የሞተው ሳልሞን 62.8 ሚሊዮን ነው፤ 16.7 በመቶ። በ2024 ወደ 57.8 ሚሊዮን ወረደ። ከስድስት በጉ አንዱ እየሞተበት የሚያድር ገበሬ ቢኖር አገሩ ዝም ይለዋል?

የሚያንገበግበኝ ግን ብዙ ዓሣ ስናክመው መግደላችን ነው። የባሕር ቅማል የሚባል ተባይ ቆዳውን ይግጠዋል። ሕጉ በአማካይ በአንድ ዓሣ ላይ ከ0.5 በላይ አዋቂ ሴት ቅማል እንዳይገኝ ያዛል፤ በጸደይ 0.2። ቅማሉ መድኃኒቱን ስለለመደው አሁን በሙቅ ውሃ ነው የምናራግፈው። ዓሣውን ምግብ እንከለክለዋለን፣ መረቡን አጥብበን እናጭቀዋለን፣ በፓምፕ ከቀዝቃዛው ባሕር ስበን 30 ዲግሪ ገደማ የሞቀ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ደቂቃ እንከተዋለን። እዚያ ሲገባ ይንፈራገጣል፣ ራሱን ከግድግዳው ጋር ያላትማል። ውሃው ከ28 ዲግሪ ሲያልፍ ሳልሞን እንደሚያመው የዚሁ አገር ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ልቡ አስቀድሞ በቫይረስ የተጎዳ ከሆነ በዚያ ግርግር ልቡ ይፈነዳል። የተረፈውም ቅርፊቱ ተልጦ ይመለስና በቀዝቃዛው ወራት ይቆስላል።

ሐሳቤ፦ አይታገድ። ግን የማርባት ፈቃድ በቅማል ቁጥር ብቻ ሳይሆን በሞትም ይመዘን።

ሲያትል፦
ወንድሜ፣ ምስክርነትህን ሳነብ «አይታገድ» ያልከው ከየት እንደመጣ አልገባኝም። እኛ ጋ፣ ዋሽንግተን ስቴት፣ ነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ሳይፕረስ ደሴት አጠገብ አንድ የመረብ እርባታ ተሰብሮ ሩብ ሚሊዮን ገደማ የአትላንቲክ ሳልሞን ባሕር ገባ። መረቡ ሳይጸዳ ከርሞ ዛጎልና አልጌ ስለከበደው ነው ብሎ ስቴቱ አጣራ። መረቡን በወቅቱ የማያጸዳ ሰው የዓሣውን ጤና ይከታተላል ብዬ ልመን? በዓመቱ እንደ አትላንቲክ ሳልሞን ያለ የባዕድ ዓሣ እርባታ እንዲቆም ሕግ ወጣ፤ ጥር 2025 ደግሞ በስቴቱ ውሃ ላይ የንግድ የመረብ እርባታ ጨርሶ ተከለከለ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እስከ ሰኔ 2029 እንዲያበቃ ተወስኗል። የተቻለበት አገር አለ።

የቢሾፍቱ ሐኪም፦
እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የተማርኩት ቢሾፍቱ፣ የምሠራው አሁን ኖርዌይ፣ በርገን ነው። እገዳውን እቃወማለሁ። እርባታ ሁሉ ሲጀመር በሽታ ይሰበስባል። አገር ቤት ፈንግል ሲገባ ዶሮ ስንት ቤት እንደሚጨርስ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መልሱ ክትባት ነበር እንጂ ዶሮ ማርባትን መተው አልነበረም። እዚህም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 ኖርዌይ ለዓሣ ወደ 50 ቶን አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር። እያንዳንዱ ጫጩት ሳልሞን ባሕር ሳይገባ ሆዱ ላይ መከተብ ከጀመረ ወዲህ ምርቱ ከሚሊዮን ቶን አልፎ እንኳ አንቲባዮቲኩ ከአንድ ቶን በታች ወርዷል። ይህን ያህል ለውጥ በከብትም በዶሮም አላየሁም።

የፍሮያው፦
ዶክተር፣ ክትባቱን አልክድም፤ እጄ ላይ ያለ ነገር ነው። ግን ለቅማል ክትባት አለ? ለልቡ በሽታስ?

የቢሾፍቱ ሐኪም፦
በገበያ ላይ የሚሠራ የለም፣ ለሁለቱም። ያልከው ልክ ነው። ሳይንሱንም ልጨምርልህ፦ ዓሣ ሲጨናነቅና ሲንገላታ ኮርቲሶል የሚባል የጭንቀት ሆርሞን ይለቃል፤ ኮርቲሶል ሲበዛ የሰውነት መከላከያ ይዳከማል። ከተባይና ከባክቴሪያ የሚጠብቀው ዝልግልግ ሽፋኑም በመነካካት ይላጣል። ስለዚህ በየወሩ የሚንገላታ ዓሣ ለሚቀጥለው በሽታ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ከሳልሞኑ ላይ ቅማሉን እየለቀሙ እንዲበሉ በረቱ ውስጥ የሚጨመሩ ሌሎች ዓሦችም አሉ፤ በዓመት በአሥር ሚሊዮኖች ይጨመሩ ነበር፣ ከበረቱ በሕይወት የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለ እነሱ ሲጮህ የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው።

እትዬ ከኦስሎ፦
ልጆቼ፣ አንድ ነገር ጠይቄ ልውጣ። ይህ ቅማልና ቫይረስ ለእኛስ ያሰጋል? ለልጅ ልጆቼ የምገዛው ይህንኑ ነው።

የቢሾፍቱ ሐኪም፦
እትዬ፣ አይዞዎት፤ የባሕር ቅማልም እነዚህ የሳልሞን ቫይረሶችም ሰው አይዙም። ክርክሩ ስለ ዓሣው ስቃይና ስለ ባሕሩ ነው።

እትዬ ከኦስሎ፦
ከሆነ እሰየው። ግን እንስሳውም ቢሆን የእግዚአብሔር ፍጥረት ነው፤ እያወቅን መብላቱ ቀላል አይደለም።

ሲያትል፦
ወደ የብስ ጋን ይውጣ፣ ያልቃል ነገሩ። ቅማል የለም፣ ማምለጥ የለም።

የፍሮያው፦
እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። የብስ ጋን ውስጥ ዝቃጩ ከተከማቸ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ጋኑን ሙሉ ይፈጃል። ወጪው ከባድ ስለሆነም ዓሣውን ከባሕሩ በባሰ ያጭቁታል። የተሻለ ሆኖ ያየሁት ባሕር ላይ ያለ ዝግ በረት ነው፦ የቅማሉ እጭ የሚዋኘው ከላይ ስለሆነ፣ ውሃውን ከጥልቅ ስበው ሲያስገቡ ቅማል አይኖርም፤ ቅማል ከሌለ ሙቁ ውሃም የለም።

ለእገዳ ያልቆምኩበትን ምክንያት ግልጽ ላድርግ። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኖርዌይ የባሕር ዳርቻዋን 13 ቀጠና ከፍላ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ትላለች፤ ቀይ የተባለው ቀጠና ምርቱን እንዲቀንስ ይደረጋል። ቀለሙ የሚወሰነው ግን ቅማሉ የዱሩን ሳልሞን ምን ያህል እንደሚገድል ታይቶ ነው። በረት ውስጥ ያለው ዓሣ ሞቱ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ባለቤቱ ቅማሉን ለማውረድ ዓሣውን ደጋግሞ ሙቅ ውሃ ቢከተው በወረቀቱ ላይ ጎበዝ ነው። እኔን ያባረረኝ ይህ ሒሳብ ነው።

ሲያትል፦
ይህን አላውቅም ነበር። እንግዲያው አንድ ጥያቄ፦ ሞቱ ቢቆጠር ባለቤቱ እውነቱን ያስመዘግባል?

የፍሮያው፦
የሞተውን ማውጣትና መጻፍ የዘወትር ግዴታ ነው፤ ቁጥሩ አለ። የሚቀረው ከማራገፉ በፊት የሞተውንና በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የሞተውን ለየብቻ በየበረቱ ለሕዝብ ማውጣት ነው። ያ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ ከቀጠሉ እኔም «ይታገድ» ከሚሉት ጋር እፈርማለሁ።